የትንሹ ኮክ ዛፍ የብርሃን ሒሳብ

በቂርቆስና በካዛንቺስ ሠፈሮች አሮጌ ግቢዎች ውስጥ የኮክ ዛፍ እንደ ጌሾና እንደ ጤና አዳም የተለመደ ነበር። ተበልቶ የተጣለ ዘር በራሱ በቅሎ፣ ወይም ከጎረቤት ተለምኖ የመጣ ችግኝ ጸድቆ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ወይም ከቧንቧው አጠገብ ያድጋል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ውስጥ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ግቢዎች ሲፈርሱ ዛፎቹም አብረው ተነሥተዋል። ይሁን እንጂ ኮክ ወዳድ የሆነ ሰው በቀላሉ ተስፋ አይቆርጥም። በሲሚንቶ መካከል በተረፈች አንዲት ካሬ ሜትር አፈር ላይ፣ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ፣ በትልቅ የቀለም ባልዲ ሳይቀር ኮክ ተተክሎ እናያለን።

እንዲህ ያለው ዛፍ ሥሩ መስፋፊያ ስለሚያጣ ቁመቱ ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም። አበባው ግን ለዛፉ ድንክነት ደንታ የለውም። ዛፉ ቅርንጫፉን ሙሉ አብቦ ከመቶ የማያንስ ፍሬ ይቋጥራል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። ከሦስት ወር በኋላ የሚለቀመው ግን ከትንሽ ሎሚ ያነሰ፣ ከሥጋው ይልቅ ዘሩ የሚበዛ፣ ጎምዛዛ ፍሬ ነው። አንዳንድ ጊዜም ከመለቀሙ በፊት ቅርንጫፉ ከነፍሬው ተገንጥሎ ይወድቃል።

የዚህ መፍትሔ በፍራፍሬ አምራቾች ዘንድ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው፦ ፍሬዎቹ ገና ለጋ ሳሉ አብዛኞቹን በእጅ ማርገፍ። ሥራው ማሳሳት ይባላል። ይህንን ምክር ለአንዲት የሠፈሬ እናት በነገርኳቸው ጊዜ «እግዜር የቋጠረውን እኔ ላርግፈው?» ብለው በትዝብት ተመለከቱኝ። ተቃውሟቸው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መቶ ፍሬ ከያዘ ዛፍ ላይ ሰባ አምስቱን አርግፉ የሚል ሰው ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ማስረዳት ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ቁጥር ፈልጎ ማግኘት ነው። ጸሐፊው የፊዚክስ እንጂ የእርሻ መምህር ስላልሆነ መንገዱ ከፀሐይ ይነሣል።

ዛፉ ምን ይፈልጋል? እኛስ?

በመጀመሪያ ደረጃ ዛፉ ራሱ እንደሚያሳሳ መታወቅ አለበት። ካበበው ሁሉ ከፊሉ ሳይዳብር ይረግፋል፤ ከቋጠረውም ከፊሉ ኤትሊን በተባለው ሆርሞን አማካይነት በእንብርቱ ላይ ስስ የመለያያ ሽፋን ተሠርቶለት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይወድቃል። ኮክ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ዱቄት የሚዳብር ስለሆነ ግን የሚተርፈው ሁልጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ነው። ከአሥር አበቦች አንዱ ብቻ ፍሬ ቢሆን ለአንድ ዛፍ ሙሉ ምርት ይበቃል።

ታዲያ ዛፉ ሥራውን እስከ መጨረሻው ለምን አይፈጽመውም? ዓላማው ከእኛ ዓላማ የተለየ በመሆኑ ነው። ለዛፉ ቁም ነገሩ ዘሩ ነው። መቶ ትናንሽ ፍሬ ማለት መቶ ዘር፣ መቶ የመብቀል ዕድል ማለት ነው። ሥጋው ዘሩን ተሸክሞ ለሚሄድ እንስሳ የሚከፈል ዋጋ ብቻ ነው። በቻይና፣ በዢጂያንግ ግዛት በተደረጉ ቁፋሮዎች የተገኙ ወደ 8000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው የኮክ ዘሮች የሰው ልጅ ከዚህ ዛፍ ጋር ምን ያህል ዘመን እንደቆየ ይመሰክራሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ሥጋው ወፍራም የሆነውን እየመረጠ ሲተክል ኖሯል፤ የዛፉን የቆየ ዝንባሌ ግን አላጠፋውም። ማሳሳት በዚህ ልዩነት መካከል የሚደረግ ጣልቃ ገብነት ነው።

የቀኑ ገቢ ስንት ነው?

የፊዚክስ ተማሪዎች ኤንሪኮ ፌርሚን ያውቁታል። ይህ ሳይንቲስት በእጁ ባሉት ጥቂት ክብ ቁጥሮች ብቻ ለከባድ ጥያቄ ተቀራራቢ መልስ በማግኘት የታወቀ ነበር። እኛም በዚያው መንገድ እንሂድ።

ዛፋችን መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጥላ አንድ ካሬ ሜትር ነው እንበል። አዲስ አበባ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር አግድም ስፍራ ላይ በአማካይ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ይህ አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ በአንድ ሰዓት ተኩል ግድም የሚፈጀው ኃይል ነው፤ በጁል ሲገለጽ 18 ሚሊዮን ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ለብርሃን አስተፃምሮ የሚያገለግለው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። ከሚያገለግለውም ከፊሉ ከቅጠሉ ላይ ይንጸባረቃል፣ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ከተሠራው ስኳር ደግሞ ዛፉ ለራሱ መተንፈሻ ያቃጥላል። ይህ ሁሉ ተቀንሶ በመጨረሻ ወደ ደረቅ ቁስ የሚለወጠው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው፤ 180 ሺህ ጁል። አንድ ግራም ስኳር ወይም እንጨት 17 ሺህ ጁል ያህል ስለሚይዝ፣ የዛፋችን የቀን ገቢ በክብ ቁጥር 10 ግራም ደረቅ ቁስ ነው ማለት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ እንኳን የሚሞላ አይደለም!

ከዚህች አሥር ግራም ግማሹ ለሥር፣ ለግንድና ለአዲስ ቅጠል ይውላል እንበል። ለፍሬ የሚተርፈው በቀን 5 ግራም ይሆናል። ከአበባ እስከ ለቀማ 100 ቀን ብንወስድ ጠቅላላው የፍሬ በጀት 500 ግራም ነው።

አሁን ወደ ወጪው እንለፍ። 100 ግራም ሥጋ ያለው ጥሩ ኮክ አብዛኛው ውኃ ነው። ደረቅ ቁሱ ከመቶ 14 እጅ፣ ማለትም 14 ግራም ቢሆን፣ ጠንካራው ዘር ደግሞ 6 ግራም ያህል ይጨምርበታል። ድምሩ 20 ግራም ነው። 500 ለ20 ሲካፈል 25 ፍሬ ይደርሳል።

ይህንን ውጤት በሌላ መንገድ መፈተን ይቻላል። አምራቾች በልምድ ለአንድ ኮክ ከ30 እስከ 40 ቅጠል ያስፈልገዋል ይላሉ። የአንድ የኮክ ቅጠል ስፋት 30 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ 35 ቅጠል አንድ አሥረኛ ካሬ ሜትር ይሆናል። ጤናማ ዛፍ በአንድ ካሬ ሜትር ጥላው ላይ ሁለት ተኩል ካሬ ሜትር ያህል ቅጠል ቢደራርብ 25 ፍሬ መቀለብ ይችላል ማለት ነው። አንዱ መንገድ ከፀሐይ፣ ሌላው ከገበሬ ልምድ ተነሥተው እዚያው ቁጥር ላይ መገናኘታቸው በከፊል የክብ ቁጥሮቻችን ዕድል ነው። ነገር ግን መልሱ አምስት ወይም ሁለት መቶ አለመሆኑን በእርግጠኝነት ይነግረናል።

ዘሩ ቀድሞ ይከፈለዋል

ሃምሳ ፍሬ ብንተውስ? አንባቢ «እያንዳንዱ ግማሽ ያህል ይሆናል» ብሎ ሊገምት ይችላል። ነገሩ ከዚያ የከፋ ነው። 500 ግራም ለሃምሳ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 10 ግራም ይደርሰዋል። ዘሩ የሚጠነክረው ሥጋው ከመወፈሩ በፊት ስለሆነ ድርሻውን ቀድሞ ይወስዳል፤ 6 ግራሙ ወደ ዘር ሲሄድ ለሥጋ 4 ግራም ብቻ ይቀራል። ይህም ከነውኃው 30 ግራም የማይሞላ ሥጋ ነው። ስለዚህ 25 ፍሬ የተወ ሰው 2.5 ኪሎ ግራም ሥጋ ሲበላ፣ 50 የተወው 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ያገኛል። መቶ የተወው ሰው፣ በሒሳቡ መሠረት፣ ዘር ብቻ ይለቅማል።

እውነተኛው ዛፍ እንዲህ ግትር አይደለም። ፍሬ ሲበዛበት ቅጠሉ ከወትሮው በበለጠ ይሠራል፣ ዘሩም በመጠኑ ያንሳል፣ ለሥርና ለግንድ የታሰበውም ወደ ፍሬ ይዞራል። በዚህም ምክንያት ሚዛን ላይ ቢወጣ ካልተሳሳ ዛፍ የሚለቀመው ጠቅላላ ክብደት ብዙውን ጊዜ ከተሳሳው ይበልጣል። ይህንን መደበቅ አያስፈልግም፤ ሚዛኑ ግን ዘሩንም ይመዝናል፣ ከሥር የተሰረቀውን ደግሞ አይመዝንም። የሥር ስርቆት ደግሞ በርሜል ውስጥ ለሚኖር ዛፍ ከባድ ጉዳት ነው። መቶ ሊትር አፈር ለዛፉ ሊሰጥ የሚችለው ውኃ 15 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ የዛፋችን ቅጠል በደረቅ ቀን 4 ሊትር ያህል ያተናል። ይህ የአራት ቀን ስንቅ እንኳን አይሞላም። ሥሩ ከደከመ ቀትር ላይ ቅጠሉ ውኃ የሚስበው ከፍሬው ነው፤ ኮክ ቀን ቀን በጥቂቱ ኩምትር ብሎ ሌሊት የሚያገግመው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ መጠን አንድ ነገር ልጨምር። የድቡልቡል ነገር ይዘት የሚያድገው በዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢ ነው። 6 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ኮክ 4 ሳንቲ ሜትር ካለው በይዘት ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጣል። ገበያ ላይ በዓይን ስንገምት የዲያሜትሩን ልዩነት እንጂ የይዘቱን ስለማናይ ትናንሾቹ ርካሽ ይመስሉናል።

ጎረቤት ፎቅ ሲሠራ

እስካሁን ፀሐይዋ ያለ ከልካይ ትመጣለች ብለን ነበር። ካዛንቺስን የሚያውቅ ሰው ግን ይህንን አይቀበልም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ቀትር ላይ ወደ አናታችን ትጠጋለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ደግሞ በትክክል ከአናት በላይ ትውላለች። ስለዚህ ለከተማችን ዛፍ ዋናው ከልካይ በምሥራቅ ወይም በምዕራብ ያለው ሕንፃ ነው። አውሮፓ ውስጥ የሚጻፉ የአትክልት መጻሕፍት የሚያስጠነቅቁት ስለ ደቡብ ግድግዳ ነው፤ ምክራቸው እዚህ ብዙም አይሠራም።

ከዛፉ በስተምሥራቅ 20 ሜትር ርቆ 40 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃ ቆመ እንበል። ከዛፉ ሲታይ የሕንፃው ጫፍ 63 ዲግሪ ከፍ ይላል። ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ድረስ ተሸፍና ትቆያለች። የጠዋት ጨረር አግድም ስለሚመጣ ደካማ መሆኑን በሒሳቡ ውስጥ ስናስገባ፣ ከቀኑ ቀጥተኛ ብርሃን የሚጠፋው 27 በመቶ ያህል ነው። በስተምዕራብም ተመሳሳይ ሕንፃ ካለ ኪሳራው 54 በመቶ ይሆናል። ከሰማይ ተበትኖ የሚመጣው ብርሃን ጥቂት ቢክስም፣ የ25 ፍሬ በጀት ወደ 12 ወይም 13 ዝቅ ይላል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናው ስለሚከብድ የምሥራቁ ሕንፃ ከምዕራቡ የበለጠ ይጎዳል።

እንግዲህ «ከአንድ ዛፍ ላይ ስንት ፍሬ ልተው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ ዛፍ የተወሰደ ዘር ተክለው አንዱ 25፣ ሌላው 12 መተው ይኖርባቸው ይሆናል። ቁጥሩን የሚወስነው በዛፉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን እንጂ የአበባው ብዛት አይደለም። ተማሪዎች ይህንን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልጋቸውም፤ በአንድ የጠራ ቀን በየሰዓቱ ዛፉ ፀሐይ ላይ ነው ወይስ ጥላ ውስጥ ብሎ መመዝገብ በቂ ነው።

ቅርንጫፉ ለምን ይገነጠላል?

አንድ ሜትር ከሚጠጋ፣ ሥሩ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ከሚወፍር ቅርንጫፍ ላይ እያንዳንዳቸው 100 ግራም የሚመዝኑ አሥር ፍሬዎች ተንጠልጥለዋል እንበል። የአንዱ ክብደት 1 ኒውተን ነው። ፍሬዎቹ ከግንዱ ያላቸው አማካይ ርቀት ግማሽ ሜትር ቢሆን፣ ቅርንጫፉን ሥሩ ላይ የሚያጥፈው ቶርክ 5 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ለክብ ዘንግ በሚያገለግለው ቀመር ስናሰላ በእንጨቱ የላይኛው ገጽ ላይ የሚፈጠረው ውጥረት 50 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። እርጥብ እንጨት የሚሰበረውም በዚሁ ከ50 እስከ 60 ሜጋፓስካል አካባቢ ነው! ዝናብ ቅጠሉን ሲያረጥብና ነፋስ ሲያወዛውዘው ጣራው ይታለፋል።

ውጥረቱ በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚቀንስ ቅርንጫፉ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ ውጥረቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በሌላ በኩል ቶርክ በርቀት ስለሚባዛ፣ ከጫፍ የሚነሣ አንድ ፍሬ ከመሐል እንደሚነሡ ሁለት ፍሬዎች ይቆጠራል። ማሳሳት ከጫፍ መጀመር አለበት የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙ ሰው ቅርንጫፉን በእንጨት ይደግፋል፤ ድጋፉ ስብራቱን ያስቀራል፣ ለፍሬው ግን ስኳር አይጨምርለትም።

መቼና እንዴት?

የኮክ ፍሬ ዕድገት ሦስት ምዕራፎች አሉት። ካበበ በኋላ ባሉት አራት ያህል ሳምንታት ህዋሶቹ እየተከፈሉ ይበዛሉ፤ ከዚያ ዘሩ ሲጠነክር የፍሬው መጠን ብዙም አይለወጥም፤ በመጨረሻ ያሉት ህዋሶች ውኃና ስኳር እየሞሉ በፍጥነት ይነፋሉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ያልተፈጠረ ህዋስ በሦስተኛው አይገኝም። ስለዚህ ፍሬው ከባቄላ ከፍ ብሎ የአውራ ጣት ጫፍ ከማከሉ በፊት ሥራው ቢጀመር ይመረጣል። ጊዜው አልፎ እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ፍሬ በቢላ መሐል ለመሐል መቁረጥ ነው። ቢላው ዘሩን ያለ ችግር ካለፈ ገና ነው፤ ከነጠረ አብዛኛው ጥቅም አምልጧል፤ ቅርንጫፉን ከስብራት ማዳን ግን አሁንም ይቻላል።

በሰሜኑ የዓለም ክፍል ዛፎች ክረምቱን በብርድ ተኝተው ስለሚነቁ በአንድ ሳምንት ውስጥ አብበው ይጨርሳሉ። ለዶክትሬት ትምህርቴ ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ የገረመኝ ይህ መቶ በመቶ የሚመስል ስምምነታቸው ነበር፤ በትራክተር ላይ በሚሽከረከሩ የፕላስቲክ ገመዶች አበባውን እየመቱ የሚያሳሱ መሣሪያዎች የተሠሩትም ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያብብ ነው። ብዙዎቹ የሰሜን ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከ500 ሰዓት በላይ ብርድ ይፈልጋሉ። የአዲስ አበባ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ይህንን አይሰጣቸውም፤ በሻንጣ የመጣ የውጭ ችግኝ እዚህ ደንዝዞ የሚቀረው በአብዛኛው በዚሁ ሳቢያ ነው። የእኛ አገር ኮክ ብርድ ብዙም ባይፈልግም አበባው የተንዛዛ ነው፤ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አበባ፣ ሽምብራ የሚያክል ፍሬና አውራ ጣት የሚያክል ፍሬ አብረው ይታያሉ። ስለሆነም የእኛ ማሳሳት የአንድ ቀን ሥራ ሊሆን አይችልም። በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ጊዜ ያህል መመለስ ያስፈልጋል።

የተለመደው የርቀት ደንብ በሁለት ፍሬዎች መካከል አንድ ስንዝር ነው። ይህ ደንብ ግን በተፈጥሮው ድንክ ለሆነ ዝርያ አይሠራም። የእንዲህ ዓይነቱ ዛፍ ምስጢር በጂበረሊን ሆርሞን ላይ ነው። ይህ ሆርሞን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1926 ጃፓናዊው ኤይቺ ኩሮሳዋ የሩዝ ችግኝን ያለ ልክ የሚያስረዝመውን በሽታ ሲመረምር ካገኘው ፍንጭ ተነሥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ፣ አንዱ የድንክ ኮክ ዝርያ የሆርሞኑን መልእክት የሚቀበለው ጂን ተበላሽቶበታል። ሆርሞኑ አለ፤ ሰሚው የለም። በዚህም ምክንያት በቅጠልና በቅጠል መካከል ያለው ርቀት በጣም አጭር ነው፤ በአንድ ስንዝር ውስጥ ከተለመደው ዛፍ የበለጠ ቅጠል ይታጨቃል። እዚያ ስንዝሩን ትቶ ቅጠሉን መቁጠር ይሻላል። በበርሜል ጥበት ያጠረው የሠፈራችን ዛፍ ግን ጂኑ ጤነኛ ስለሆነ በስንዝር ሊለካ ይችላል።

የሚረገፈው ፍሬ ከቅርንጫፉ ጋር አይጎተት፤ ቅርንጫፉን በአንድ እጅ ይዞ ፍሬውን ጠምዘዝ ማድረግ ነው። መጀመሪያ የተበሳው፣ የተጣመመውና መንታ የሆነው ይነሣ። ሁለት ፍሬዎች ተጠጋግተው እንዲያድጉ መፍቀድ በክረምት በመካከላቸው ውኃ እንዲያቁር፣ ሻጋታም እንዲጀምር መጋበዝ ነው። ዘግይቶ የረገፈና ትል የገባበት ፍሬ ዛፉ ሥር አይተው፤ የፍራፍሬ ዝንብ እጭ እዚያው አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ ዝንብነት ስለሚለወጥ በላስቲክ ታስሮ መጣል ወይም በጥልቀት መቀበር አለበት።

የመጪው ዓመት አበባ እንቡጥ የሚዘጋጀው ፍሬው እያደገ ባለበት በዚያው ወቅት ነው። ኮክ የሚያብበው ባለፈው ዓመት በበቀለ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ፍሬ የበዛበት ዛፍ አዲስ ቅርንጫፍ ሳያወጣ ዓመቱን ከጨረሰ በሚቀጥለው የሚያብብበት ስፍራ የለውም። መሬት ላይ ለተተከለ ዛፍ አዲሱ ቅርንጫፍ በዓመት አንድ ክንድ ያህል ቢያድግ ጥሩ ምልክት ነው፤ ለበርሜሉ ዛፍ ግማሽ ክንድም አይከፋም።